የምግብ ጠረጴዛው የማን ነው?

ዛሬ ስለ ቤት ውስጥ ነገር ልንነጋገር ነው። ርዕሱን አይታችሁ ስለ ጌታ እራት የተጻፈ ትምህርት የመሰላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም፤ ስለ ዕለት እራታችሁ ነው። ቤተሰብ በየቀኑ የሚበላበት ቦታ እንዴት ቢሰናዳ ለኑሮ ይመቻል? ጠረጴዛው ምን ያህል ይሁን? መብራቱስ? ግድግዳው ላይ ምን ይሰቀል? ይህን የሚጠይቅ ሰው የቤት ዕቃ ሻጭ ዘንድ ቢሄድ የሚነገረው ሁሉ ስለ እንግዳ ነው። “እንግዳ ሲመጣ ያኮራዎታል” ይባላል። ለመሆኑ እንግዳ በዓመት ስንት ቀን ይመጣል? የቤቱ ሰውስ ስንት ቀን ይበላል?

መጋቢ እንደ መሆኔ የብዙ ሰው ቤት እገባለሁ። የማየው ነገር ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። ከሳሎኑ በአንድ ጥግ ስድስት ወንበር ያለው ረጅም ጠረጴዛ አለ። ወንበሮቹ ከሱቅ ሲመጡ የለበሱት ላስቲክ ገና አልወለቀም። ጠረጴዛው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ ሰው ሠራሽ አበባ ተቀምጧል። ከጎኑ መስታወት ያለው ቡፌ ይታያል፤ በውስጡም ለሠርግ የመጣው የሸክላ ሳህንና ብርጭቆ ተደርድሯል። እኔ ስመጣ ቡፌው ይከፈታል፣ ዳንቴሉ ይነሣል፣ ልጆቹ ደግሞ “ፓስተር እየበሉ ነው” ተብለው ወደ ጓዳ ይላካሉ። እኔ ስወጣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። በማግስቱ ማታ አባት ሶፋ ላይ ሆኖ ቴሌቪዥን እያየ፣ እናት ወጥ ቤት ቆማ፣ ልጆች ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይበላሉ። ጠረጴዛው ግን ጥጉ ላይ ተሸልሞ ቆሟል።

እንግዳን ማክበር መልካም ልማዳችን ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስም በሮሜ 12 እንግዳ መቀበልን ከክርስቲያን ምግባር ጋር ቆጥሮታል። ይሁን እንጂ መዝሙር 128 ማዕድን ሲያነሣ በዙሪያው የሚያስቀምጠው የቤቱን ልጆች ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ ሐሳብ ቀላል ነው፤ የመመገቢያውን ቦታ ስታሰናዱ በየቀኑ የሚበሉበትን ሰዎች ቁጠሩ፣ እንዴት እንደሚበሉም ተመልከቱ፣ ከዚያ በኋላ ዕቃ ግዙ። እንግዳም እንዲህ ባለ ቤት ይበልጥ ይመቸዋል እንጂ አይከፋውም። እኔ በበኩሌ ከልጆች ጋር ተጋፍቼ ብበላ ደስ ይለኛል።

ከጠረጴዛው እንጀምር። የፈረንጅ የምግብ ጠረጴዛ የተሠራው እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ሳህን እንዲበላ ታስቦ ነው፤ ስለዚህ ቢረዝምም ችግር የለውም። እኛ ግን በአንድ ትሪ ዙሪያ ነው የምንበላው። አንድ እንጀራ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ትሪውም ከዚያ ጋር ይስተካከላል። አሁን ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ባለ ስድስት ወንበር ጠረጴዛ አስቡት። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትሪ መካከሉ ላይ ቢቀመጥ፣ ከፊትና ከኋላ የተቀመጡት ከትሪው ዳር የሚርቁት 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉት ግን 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃሉ። ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ አባት ነው። ስለዚህ ወይ ክራቫቱ ወጥ እስኪነካ ድረስ ጎንበስ ብሎ ይበላል፣ ወይ ለብቻው በሳህን ይቀርብለታል። በሌላው ጫፍ ያለችው ትንሽ ልጅም ወንበሩ ላይ ተንበርክካ ካልሆነ አይደርስላትም። ቤተሰቡ “ይህ ጠረጴዛ አይመቸንም” ብሎ ወደ ሶፋው ቢሸሽ ምን ይደንቃል? ጥፋቱ የቤተሰቡ አይደለም፤ የጠረጴዛው ልክ ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። መሶብ ክብ ነው። በመሶብ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ከእንጀራው እኩል ይርቃል፤ ጫፍ የሚባል ቦታም የለውም። በአማርኛችን “ገበታ” የሚለው ቃል የሚበላበትን ዕቃም፣ በላዩ የቀረበውንም ይጠራል፤ “ማዕድ”ም እንዲሁ ነው። ዕቃውና መብላቱ እንዲህ ተጣብቀው የተሰየሙበት ቋንቋ እየተናገርን ጠረጴዛውን ለአበባ ማስቀመጫ ማድረጋችን ይገርማል።

ክብ ጠረጴዛ ማሠራት ለምትችሉ፣ ስፋቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስድስት ሰው ያስቀምጣል፤ አንድ ሰው ሳይጋፋ ለመብላት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ስለሚበቃው ማለት ነው። ትሪው ከእያንዳንዱ ሰው 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ለቅጠላ ቅጠልና ለውኃ ብርጭቆም ቦታ ይተርፋል። ለአምስት ሰው 110 ይበቃል። አራት ሰው ላለበት ቤት ደግሞ አራቱም ጎኑ 90 የሆነ አራት ማዕዘን ጠረጴዛ በቂ ነው። ከፍታው 75 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የወንበሩ መቀመጫ 45። በመቀመጫውና በጠረጴዛው ላይ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ካልተገኘ ወይ ጉልበት ይጋጫል፣ ወይ ትከሻ ይነሣል። አናጢው ጠረጴዛው ሥር ወፍራም ማገር ካደረገበት ይህ ቦታ ይጠብባል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ንገሩት። ክብ ከሆነም አራት እግር ዳር ዳሩን ከሚቆም አንድ ጠንካራ ምሰሶ ከመሐል ቢቆም ለእግር ይመቻል።

“ፓስተር፣ ቤታችን ጠባብ ነው” የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ በአዲስ አበባ መሠራት የጀመሩት የኮንዶሚኒየም ቤቶች ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ናቸው፤ በብዙዎቹም ሳሎኑና መመገቢያው አንድ ክፍል ነው። “ቤት ለእምቦሳ” ተብሎ በተገባ ሳምንት ባለ ሰባት መቀመጫ ሶፋ፣ ቡፌ፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫና ባለ ስድስት ወንበር ጠረጴዛ ይታጨቅበታል፤ ፍሪጁም እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ወንበር ስቦ ለመቀመጥና ለመነሣት ከጠረጴዛው ዳር እስከ ግድግዳው ቢያንስ 75 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ ሰው ከኋላ ትሪ ይዞ የሚያልፍ ከሆነ 90። ይህ ሲደመር 120 ሳንቲ ሜትር ክብ ጠረጴዛ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሚጠጋ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ብዙ ኮንዶሚኒየም ይህን አይሰጥም።

ታዲያ ምን ይሻላል? በእኔ አስተያየት መጀመሪያ የሚወጣው ቡፌው ነው። በውስጡ ያለውን ሳህን አውጥታችሁ ተመገቡበት፤ የሠርግ ስጦታ ከተሰበረ በሥራ ላይ ተሰበረ። ቀጥሎ፣ በአንድ በኩል ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆም አግዳሚ አሠሩ። ርዝመቱ 120 የሆነ አግዳሚ ሁለት ትልልቅ ሰዎችን ወይም ሦስት ልጆችን ይይዛል፤ ግድግዳ ጥግ ስለሆነ ከኋላው ማለፊያ አያስፈልገውም፤ መቀመጫውም ክዳን ቢኖረው ውስጡ የበዓል ዕቃና የክረምት ብርድ ልብስ ያስቀምጣል። ጀርባው ላይ ሁለት ሦስት ትራስ ጣል ብታደርጉበት ልጆቹ ከሶፋው ይልቅ እርሱን ይሻሙበታል። ከዚህም የጠበበ ቤት ያላችሁ ወደ መሶብ ብትመለሱ አታፍሩ። መሶብና አምስት በርጩማ ከተበላ በኋላ ጥግ ይሰበሰባሉ፤ ወለሉም ለልጆች መጫወቻ ይሆናል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ወለሉ ባይስተካከልም አይነቃነቅም፤ ሦስት እግር ያለው ነገር ሁልጊዜ ይቆማልና። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አረጋውያን ግን ዝቅ ያለ መቀመጫ ቅጣት ነው፤ ለእማማ ወይም ለአባባ ደገፍ የሚሉበት ወንበር አይጥፋ።

በሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ችግራችሁ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቦታ ተርፏችኋል። ብዙ የዚያ አገር ቤቶች ሁለት መመገቢያ አላቸው። አንዱ ከመግቢያው አጠገብ ለክብር የተለየ ክፍል ነው፤ ሌላው ወጥ ቤቱ ጎን ያለ ማዕዘን። የክብሩ ክፍል ከገና እስከ ፋሲካ ሰው ሳይገባበት ይቆያል። ቤተሰቡ ደግሞ በወጥ ቤቱ መካከል ባለው ከፍተኛ ጠረጴዛ ላይ በረጃጅም ወንበር ተደርድሮ ይበላል። ይህ ጠረጴዛ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ለማብሰያ የተሠራ ነውና። ሰው በአንድ ረድፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚቀመጥበትም አንድ ትሪ ለአራት ሰው አይሆንም፤ ፊት ለፊት መተያየትም የለም። ለቁርስና ለሻይ ጥሩ ነው። ለእራት ግን ክቡን ጠረጴዛ ወጥ ቤቱ አጠገብ ባለው ማዕዘን አኑሩት፤ የክብሩን ክፍል ደግሞ ለልጆች ማጥኛ ብታደርጉት የሚከሳችሁ የለም።

አሁን ወደ መብራት እንምጣ፤ በጥቂት ገንዘብ ብዙ ለውጥ የሚገኘው እዚህ ላይ ነውና። አብዛኞቻችን አምፖል ስንገዛ “በጣም የሚያበራ” ብለን ነው የምንጠይቀው። የሚሰጠን ሰማያዊ የሚመስለው ነጭ ብርሃን ነው። የአምፖሉን ካርቶን ብታዩ ከK ፊደል ጋር ቁጥር ተጽፎበታል፤ ይህ ኬልቪን የሚባለው የብርሃኑ የቀለም ልክ ነው። 6500 የሚለው ቀዝቃዛው ነጭ ነው፤ ለሆስፒታልና ለሱቅ ይስማማል። በእርሱ ሥር ቀይ ወጥ የጠቆረ ይመስላል፣ የሰውም ፊት የታመመ ያስመስለዋል። ከ2700 እስከ 3000 የሚለው ቢጫ ቀመስ ሞቅ ያለ ብርሃን ነው፤ ምግቡም ሰውም ያምርበታል። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዋት የሆነ የኤልኢዲ አምፖል ለጠረጴዛ ይበቃል፤ ልጆች የቤት ሥራ ቢሠሩበትም ያደርሳል። ከተቻለ መብራቱን ከጣሪያው አውርዱት፤ ከጠረጴዛው በላይ ከ75 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ሆኖ ቢንጠለጠል የቀረው ክፍል ደብዘዝ ይላል፣ ጠረጴዛው ብቻ ይደምቃል። ያኔ ሰው ሳይጠራ ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባል። የመብራቱ ገመድ መውጫ ከጠረጴዛው በላይ ካልሆነ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ረጅም ገመድ አስገብቶ ጣሪያው ላይ በመንጠቆ ወደ ጠረጴዛው አናት ሊስበው ይችላል። አምፖሉ ዓይን እንዳይወጋ ግን ሽፋን ይኑረው፤ ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ ትንሽ ቅርጫት ተገልብጦ ቢንጠለጠል ያማረ ሽፋን ይወጣዋል። የሚደረግበት አምፖል የማይግለው ኤልኢዲ መሆን አለበት፤ የድሮው አምፖል ሣር ያቃጥላል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ላላችሁ ደግሞ ባትሪ ያለው ፋኖስ እዚያው አጠገብ ቋሚ ቦታ ይሰጠው።

የጠረጴዛ ልብስን በተመለከተ ወጋችን ነጭ ነው። ነጭ ያምራል፣ ግን በርበሬና እርድ ባለበት አገር ነጭ ጨርቅ እናትን የልብስ ማጠቢያ ባሪያ ያደርጋታል፤ ልጁም አንድ ጠብታ ባንጠባጠበ ቁጥር ይቆጡታል። ልጅ እየተቆጡት የሚበላበት ጠረጴዛ ደግሞ ልጅ የሚሸሸው ጠረጴዛ ነው። ጡብ የሚመስል ቀይ፣ የሰናፍጭ ቢጫ፣ ወይም ጥለት የበዛበት የሀገር ባህል ሸማ ጠብታ ይደብቃል። ከጨርቁ ይልቅ ባዶ እንጨት የምትመርጡ፣ የዋንዛ ጠረጴዛ በቫርኒሽ ከተሸፈነ ባለ እርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ቢጫርም ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይታደሳል። ቺፑድ ግን ዳሩ ላይ ውኃ ከገባ ያብጣል፣ ካበጠም አይመለስም። መስታወት ጠረጴዛን በተመለከተ አስተያየቴን ካላችሁኝ፣ ልጅ ላለበት ቤት አልመክርም፤ የጣት አሻራ ያሳያል፣ ዕቃ ሲቀመጥበት ይጮኻል፣ እናትም ቀኑን ሙሉ ስትወለውለው ትውላለች። የወንበሩንም ላስቲክ ዛሬውኑ አውልቁት። ያልባል፣ ይጣበቃል፣ ሰውም “ይህ ቤት የእኔ አይደለም” እንዲል ያደርገዋል። የጨርቁ መቆሸሽ ካሳሰባችሁ ታጥቦ የሚመለስ ልባስ አሰፉለት።

ግድግዳው ጠረጴዛ በሚጠጋበት በኩል ከወለል እስከ አንድ ሜትር ያህል የዘይት ቀለም ይቀባ፤ የልጅ እጅና የወጥ ጠብታ በሳሙና ይለቃል። ከዚያ በላይ ያለው የውኃ ቀለም ይሁን፤ ክሬም ወይም የገለባ ቀለም ከሞቀው መብራት ጋር ይስማማል።

የሚሰቀለው ነገርስ? በእኛ ምእመናን ቤት ግድግዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው በየዓመቱ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ካላንደር፣ በወርቃማ ፊደል የተጻፈ ጥቅስ፣ ደግሞ ሌላ ጥቅስ፣ የምረቃ ፎቶግራፍ ነው። ያለፉት የሦስት ዓመት ካላንደሮች ጥቅሱ ስላለባቸው ብቻ አይጣሉም። ቃሉ በቤታችን መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስድስት ጥቅስ በአንድ ግድግዳ ላይ ሲደረደር የሚያነበው አይኖርም። አንዱን ምረጡ፤ ልጆቹ ራሳቸው በእጃቸው ቢጽፉትና በእንጨት ክፈፍ ቢገባ ደግሞ የበለጠ ያዩታል። የቀረውን ግድግዳ ሰፌድ፣ ሌማትና የመሶብ ክዳን ይሙላው። የሐረር ሰዎች በባህላዊ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ባለ ብዙ ቀለም ስፌትና ሳህን ይሰቅላሉ፤ ጌጥም ነው፣ ሲፈለግ የሚወርድ ዕቃም ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ሲሚንቶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ድምፅን ይመልሳሉ፤ አምስት ሰው አንድ ላይ ሲያወራ ክፍሉ ገበያ ይሆናል። ስፌት፣ መጋረጃና ምንጣፍ ጩኸቱን ይውጡታል፣ ሰውም ሳይጮኽ ይደማመጣል። ከልጆቹ ሥዕልም አንድ ሁለቱን ለጥፉ፤ የበሩ መቃን ላይ ቁመታቸውን በእርሳስ እየለካችሁ ምልክት ማድረግም ገንዘብ የማይጠይቅ ጌጥ ነው።

ቴሌቪዥኑን ከጠረጴዛው ፊት አርቁት። ይህን የምለው ለስብከት አይደለም። ወንበሮቹ ክብ ሆነው ቢቀመጡም አንድ ስክሪን ፊት ለፊት ካለ ግማሹ ሰው አንገቱን አዙሮ ነው የሚበላው። ማዛወር ካልተቻለ ወንበሮቹን ለእርሱ ጀርባ በሚሰጥ አቅጣጫ አድርጓቸው፣ ወይም ጨርቅ ጣሉበት። ለስልኮችም አንድ ትንሽ ሙዳይ ፍሪጁ ላይ አስቀምጡ፤ አባት መጀመሪያ ይጨምር።

የእጅ መታጠቢያ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። በእጅ ለሚበላ ሕዝብ መታጠቢያው ከጠረጴዛው አጠገብ ቢሆን ነው የሚበጀው፤ በብዙ ኮንዶሚኒየም ግን ያለው ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው። አዲስ መስመር መዘርጋት ውድ ከሆነ ማስታጠቢያውን ከቡፌ አውጡት። ልጅ ለአያቱ ውኃ ማፍሰስ ይማርበታል። እግራቸው መሬት ለማይደርስ ልጆች ደግሞ ከወንበሩ ሥር ዱካ ወይም ሣጥን አድርጉላቸው፤ እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ይቁነጠነጣል፣ የረገጠ ልጅ ይቀመጣል።

በየሳምንቱ የቤት ለቤት ኅብረት የምታስተናግዱ ቤተሰቦች “ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዉ የት ይቀመጣል?” ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። አግዳሚው እዚህ ላይ ይረዳችኋል፤ ተስቦ ወደ ሳሎን ይወጣል። የሚደራረቡ በርጩማዎች ከአልጋ ሥር ይውላሉ። ክቡ ጠረጴዛ ከመካከል ሳይነሣ የሻይና የዳቦ ማቅረቢያ ይሆናል። በዓል ሲመጣ ደግሞ አንድ ትሪ ለስድስት፣ መሶቡ ለተቀሩት።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ጠመኔ፣ አንድ ምስማርና ክር ያዙ። ክሩን 60 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ምስማሩን አንድ ሰው መሬት ላይ ይያዘው፣ እናንተ በጠመኔ ዙሩ፤ ይህ 120 ሳንቲ ሜትር ክብ ነው። ዙሪያውን ወንበር አስቀምጡና ሦስት ቀን በዚያ ክብ ላይ የቆየውን ጠረጴዛ ወይም መሶብ አድርጋችሁ እራት ብሉ። ፍሪጁ ይከፈታል? በሩ ይጋጫል? እናት ትሪ ይዛ ስትመጣ ማን ይነሣል? ከጠበበ ክሩን ወደ 55፣ ወደ 50 አሳጥሩት፤ ልኩ ሲገኝ በወረቀት ጻፉና ለአናጢው ስጡት። ጠረጴዛው እስኪደርስ ድረስ አምፖሉን ቀይሩ።